የእትዬ ጽጌ ጾም

የአክስቴ ልጅ ሰናይት ከኮለምበስ ኮል አድርጋ የእትዬ ጽጌን ሞት ስትነግረኝ፣ መርዶውን በውዳሴ ነበር የዘጋችው። "እንደ እሳቸው የጾመ ሰው በዚህ ከተማ አልታየም፤ ወደፊትም አይታይም" አለችኝ። እንባዬ መጥቷል፤ ግን በመሐሉ ሳቅም ይታገለኝ ነበር። እኔ የማውቃቸው እትዬ ጽጌ ጎበዝ በላተኛ ነበሩ። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ኑድል ጥርግ አድርገው ይበሉና ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ሾርባውን ጭልጥ ያደርጉታል። ከዚያ አፋቸውን በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርገው "ተመስገን" ይላሉ። ይህንን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ነበር በዚያች ሰዓት የማምነው።

ዲቪ ደርሶኝ ኮለምበስ የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ያረፍኩት ሰናይት ጋ፣ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስት ሴቶች ሆነው በተከራዩት አሮጌ የጡብ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነበር። ሦስቱም የአንድ የአማርኛ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው። ሰናይት ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ትንከባከባለች። ሁለተኛዋ ልጅ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ፖላሪስ በኩል ቢሮ ታጸዳለች። እትዬ ጽጌ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ቤክስሊ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ያየኋቸው የውኃ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ብቻ ነው።

ፍሪጃቸው ውስጥ እያንዳንዱ መደርደሪያ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበታል። የእትዬ ጽጌ መደርደሪያ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ወጥ ይሠራሉ፤ ሽታው ከደጅ ይጣራል። ለእኔም ከሌሊት ሥራዬ ስመለስ እንድበላው በሳህን ከድነው ይተዉልኛል። እሳቸው ግን ሲበሉ አላየሁም። ሰናይትም አላየችም። ከአገር ሲመጡ የለበሱት ቀሚስ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ያስመጣቸው ልጃቸው ከዓመት በኋላ ሥራው ወደ ሌላ ስቴት ወስዶት ሙቭ አድርጓል። "ሲደላደል ይወስደኛል" ይላሉ፤ እሱም በየበዓሉ ይደውላል።

አንድ ቀን ሰናይት፣ "እትዬ ጽጌ፣ ለምን አይበሉም?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"አልበላ ብሎኝ ነው" አሉ።

"ጾም ይዘው ነው እንዴ?"

እትዬ ጽጌ ፈገግ ብለው ዝም አሉ። በቃ፣ ያቺ ዝምታ ጉድ አፈላች። ጾመኛ ጾሙን እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። ዝም ካለ ጾሟል ማለት ነው። "ኧረ አልጾምኩም" ካለማ የባሰ ጾሟል። ሰናይት በዚያው ሰሞን የጥገኝነት ወረቀቷን ትጠባበቅ ስለነበር፣ "እንግዲያው ለእኔም ይጸልዩልኝ" አለቻቸው። "እጸልያለሁ" አሉ። ወረቀቱ መጣ። ሰናይት እሑድ ምስክርነት ላይ ቆማ እያለቀሰች ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ በር ዕረፍት አጣ። አንዱ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና፣ አንዷ ለነርስነት፣ አንዱ አገር ቤት ለቀረች እጮኛው እንዲጾሙለት ይመጣል። ይቀመጣሉ፤ ጉዳያቸውን ያወራሉ፤ ይጸለይላቸዋል፤ ይሄዳሉ። ቡና እንኳ አብሯቸው የሚጠጣ የለም። "እንዳንፈትንዎት" ይላሉ፣ ጫማቸውን እያጠለቁ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሰናይት ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ስለ ነፍሴ ትጨነቃለች፤ እኔ ደግሞ እሑድ ከስብከቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ስለሚቀርበው ምሳ እጨነቃለሁ። በዚህ ተስማምተን አብሬያት እሄድ ነበር። ሕዝቡ የወረቀት ሳህኑን ይዞ ሲሰለፍ ለእትዬ ጽጌ ግድግዳው ሥር ወንበር ይወጣላቸዋል፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀመጥላቸዋል። በአክብሮት ነው። ሳህን ይዞ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው እንኳ ሽታው እንዳይደርሳቸው ወዲያ ዞር አድርጎ ነው የሚያልፈው። እኔም ያኔ እንደሌላው ሰው አምኜ፣ የሴትየዋን ብርታት እያደነቅሁ ዶሮዬን እበላ ነበር።

ሁለት ጎዳና አለፍ ብዬ የራሴን ክፍል ከተከራየሁ በኋላ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሃይ ስትሪት ላይ ዝናብ ያዘኝ። የምጠለልበት ስፈልግ የጃፓኖቹ ኑድል ቤት ፊት ለፊት ደረስኩ። ያቺን ቤት የሰናይት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በደንብ ያውቋታል፤ ገብተውባት ግን አያውቁም። መስኮቷ ላይ ቀንድ ያለው፣ ክራንቻው ከአፉ የወጣ ቀይ ፍጡር ተሥሎ ነበር። ከወንድሞች አንዱ ወጣቶቹን ሰብስቦ "የአጋንንት ቤት ነው፤ በዚያ በኩል ስታልፉ እንኳ ማዶ ተሻገሩ" ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ዓይኗ ሳህን የሚያህል ፀጉረ ሰማያዊ ልጅ በተሣለችበት ግድግዳ ሥር፣ እትዬ ጽጌ ተቀምጠው ኑድል ወደ አፋቸው ያነሣሉ።

ገባሁ። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጃፓን ካርቱን ሥዕል ነው፤ ሮቦት፣ ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ፣ እንደ ሰው የቆመ ቀበሮ። ጥግ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን በካሴት ያንኑ ካርቱን ያሳያል፤ ተማሪዎቹ አኒሜ ይሉታል። መሐል ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ የሚተዋወቀውም የማይተዋወቀውም በዚያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይበላል። እትዬ ጽጌ አዩኝ። አልደነገጡም። ቦርሳቸውን ከአጠገባቸው ካለው ወንበር አነሡና፣

"እንብላ" አሉኝ።

"እትዬ ጽጌ፣ ጾም ላይ አይደሉም እንዴ?"

"ማን ነው ያለው?"

"ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ።"

"እኔ ብያለሁ?"

ቢያስቡት ቢያስቡት አላሉም። "አላሉም" አልኳቸው።

"በል እንግዲያው ቁጭ በል፤ ይቀዘቅዛል።"

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። መጀመሪያ አብልተው ኋላ ነው የሚያወሩት። ሁለተኛ ሳህን መጥቶልኝ ግማሽ ካደረስኩ በኋላ ነገሩን አጫወቱኝ። ናዝሬት ሳሉ ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሰውየው መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይዘው የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ ጎማ የፈነዳበት፣ አውቶቡስ ያመለጠው፣ ለምስክርነት ፍርድ ቤት የመጣ ባላገር። "ስንት ሰው እንደሚበላ አውቄ ወጥ ሠርቼ አላውቅም" አሉኝ። ባላቸው ሲሞቱም ሰው አልቀረም። አሜሪካ መጡና ልጃቸው ከሄደ በኋላ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ገበታ ፊት ተቀመጡ።

"አንደኛዋን ጉርሻ ጎረስኩ" አሉኝ፤ "አልወርድ አለች። እዚህ ጋ ቆመች። ውኃ ጠጣሁ፤ አልሄደችም። በማግስቱም እንደዚያው። ታምሜ ይሆን ብዬ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ጉሮሮሽ ጤነኛ ነው አሉኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ግን መብላቱም አቃተኝ።"

"ለሰናይት ለምን አልነገሯትም?"

"ምን ልበላት? እናንተ ልጆች ለእንጀራችሁ ስትሮጡ፣ ቁጭ ብላችሁ አስበሉኝ ልበል? ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።"

ኑድል ቤቱን ያገኙት አውቶቡስ ሲጠብቁ በርዷቸው ነው። ለመሞቅ ገቡ፤ ሰዉ ተጠጋግቶ፣ ሾርባውን በድምፅ እየሳበ ሲበላ ሰሙ። "ሆዴ ተላወሰ" አሉኝ። እኛ አገር ነውር የሆነው ድምፅ ነው የጠራቸው። "ድምፅ ሳያሰማ የሚበላ ሰው እሱም ብቻውን ነው፤ አጠገቡ ያለውም ብቻውን ነው" ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ሥዕሉ አያስፈራቸውም። እንዲያውም የቀንዳሙን ፍጡር ውለታ ያውቃሉ። "እሱ ደጁ ላይ ባይኖር ኖሮ የእኛ ሰዎች እየገቡ ያገኙኝ ነበር" አሉ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የኑድል ቤቱ ደንበኛ ሆንኩ። እትዬ ጽጌ መቼም ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠ ሁሉ "እንብላ" ሳይሉ አይጀምሩም። ጃፓኖቹም ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ገጥመው የሚሏት ቃል ስላለቻቸው ነገሩ አልገረማቸውም። ተማሪዎቹም ለመዱት። ፊቱን የካርቱን መጽሐፍ ውስጥ ቀብሮ የሚበላ አንድ ከሲታ ፈረንጅ ነበር፤ ቀና ሳይል "እንብላ" ይላቸዋል። ዝም ሊባል እንደማይችል ገብቶት ነው መሰለኝ። የቤቱን ባለቤት ጋሽ ኬን ነበር የሚሏቸው። ሽማግሌ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመኪና ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ቤቷን የከፈቱ ናቸው፤ ካርቱኑ የልጃቸው ሐሳብ ነው ይላሉ። የእሳቸውና የእትዬ ጽጌ እንግሊዝኛ ተደምሮ የእኔን እንኳ አያህልም፤ የእኔም ያኔ ያው ነው።

መጀመሪያ ቀን ሾርባው የአሳማ መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ እትዬ ጽጌ ቃሉ ጠፍቷቸው እንደ አሳማ ጮኸው ነበር። ይህን ሲያጫውቱኝ ደግመው ጮኹልኝ። ጋሽ ኬን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አሰቡና፣ አንዱን ድስት እያመለከቱ እንደ አሳማ፣ ሌላውን እያመለከቱ እንደ ዶሮ ጮኹ። "ዶሮው" ተባለ፤ ተግባቡ። ከዚያ በኋላ እትዬ ጽጌ ሲገቡ ሰውየው ከወጥ ቤት ሆነው እንደ ዶሮ ነበር ሰላም የሚሏቸው።

አንዴ ግን እትዬ ጽጌ ጋሽ ኬንን አስቀየሟቸው። ከአጠገባቸው አንዲት ጃፓናዊት ተማሪ ተቀምጣ ነበር፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፤ የናፈቀች ነው የምትመስለው። እትዬ ጽጌ ከሳህናቸው እንቁላሏን በሚበላባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች እንደምንም አንሥተው ወደ ልጅቷ ዘረጉ። ጉርሻ መሆኑ ነው። ልጅቷ አፏን አልከፈተችም፤ በራሷ እንጨቶች ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ጋሽ ኬን እጃቸውን እያወናጨፉ ሮጠው መጡ። ሽማግሌው በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዱኝ፤ እኔም ተረጎምኩ። በአገራቸው ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች የሟቹን አጥንት እየለቀሙ ከእንጨት ወደ እንጨት ይቀባበላሉ፤ ከዚያ በቀር ሁለት ሰው አንድን ነገር በእንጨት አይቀባበልም። እትዬ ጽጌ እንጨቶቹን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እኔ ይሸማቀቃሉ ብዬ ነበር።

"ለአጥንት እንኳ እጅ በእጅ የሚቀባበሉ ከሆነ ደግ ሕዝብ ናቸው" አሉ። "በል፣ ማንኪያ የለም ወይ በልልኝ።"

ልጅቷ በማንኪያ ጎረሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኬን ከቤታቸው ሰፊ የእንጨት ማንኪያ አምጥተው ሰጧቸው፤ የእትዬ ጽጌ የጉርሻ ማንኪያ ሆነች።

ካርቱኑንም ያዩታል። ቋንቋውን ማናችንም ስለማንሰማው ታሪኩን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ይህቺ የዚያ እህት ናት፣ ያኛው የእንጀራ አባቷ ነው፣ ሮቦቱ ውስጥ ያለው ልጅ እናቱን ሊፈልግ ነው የሚሄደው። ትክክል ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ከሁላችንም በፊት አይተዋል። "ልብ ብለሃል?" አሉኝ፤ "ተዋግተው፣ ከተማ አፍርሰው ሲያበቁ ሁልጊዜ ይበላሉ። አብረው ነው የሚበሉት።" ከዚያ ስመለከት እውነትም አብረው ይበላሉ። ቅዳሜ ማታ ወደ ክፍሌ ስመለስ ኩሽናው ጠበበኝ፤ አንዲት ሳህኔን ሳያት ያን ጊዜ ነው ብቸኛ መሆኔ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ሥራ የበዛብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ለሰው እንዲነግሩ ብዙ ጊዜ ወተወትኳቸው። "ይንገሯቸው እንጂ፤ እሑድ እሑድ እንኳ አብረው ይበሉ" እላቸዋለሁ።

"የሰናይት ወረቀት በእኔ ጾም የመጣ መስሏታል" አሉኝ አንድ ቀን። "አልጾምኩም ብላትስ? ያ ልጅ እጮኛው መጥታለታለች። ነርሷም አልፋለች። እምነታቸው ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?"

"ታዲያ ምን አደረጉላቸው?"

"ጸልዬላቸዋለሁ። ከልቤ። እዚሁ፣ ሾርባ እየጠጣሁ።"

እንደዚያው ሊቀጥሉ ይችሉ ነበር። ነገሩን የቆረጠው ፓስተሩ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የራሱን ሕንጻ ሊገዛ አስቦ የአንድ ሳምንት ጾም ጸሎት ዐወጀ። የሚመሩትም እትዬ ጽጌ እንዲሆኑ ከመድረክ ተነገረ። ሕዝቡ እልል አለ። በዚያ ቅዳሜ ኑድል ቤት ሲመጡ ገና ሳይበሉ ነገሩን አነሡ። ሳምንት ሙሉ ቢጾሙ ሰውነታቸው አይችልም፤ እየበሉ ጾመኛ ነኝ ብለው ፊት ቢቆሙ ደግሞ ያኔ እውነተኛ ውሸታም ሊሆኑ ነው። "እስከ ዛሬ የዋሸሁት ዝም ብዬ ነው" አሉኝ። "በአፌ ግን አልዋሽም። ነገ እነግራቸዋለሁ። አንተም ና።"

ሄድኩ። ለእኔ ሁዳዴ ነበር። ረቡዕና ዓርብን አንዳንዴ እዘላለሁ፤ ሁዳዴን ግን አላፈርስም። ምስክርነት ላይ እትዬ ጽጌ እጃቸውን አወጡ፤ ማይክ ተሰጣቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ወገኖቼ" አሉ፤ "እኔ ጾመኛ አይደለሁም። የከሳሁት አብሮኝ የሚበላ ሰው አጥቼ ነው። ብቻዬን ስሆን አይወርድልኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጃፓኖቹ ቤት ሄጄ እበላለሁ። ሰይጣን የተሣለበት ቤት። ይቅር በሉኝ።"

ፓስተሩ ከመድረክ ወረደ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ነው፤ ችግሩም ደግነቱ ነበር።

"ሰማችሁ ወይ?" አለ። "ጾሟን ለመሰወር ራሷን እስከዚህ ያዋረደች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኃጢአተኞች ጋር እበላለሁ አለች እኮ። ይህን ትሕትና ለእኛም ይስጠን።"

"ሃሌ ሉያ" አለ ሕዝቡ። መዝሙር ተነሣ። እትዬ ጽጌ ማይኩን እንደያዙ መሐል ላይ ቆመው ቀሩ። እውነቱን ተናግረውታል፤ ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ምድር ቤት ስንወርድ ወንበሩም ውኃውም እንደተለመደው ተዘጋጅቷል። አልተቀመጡም። ወደ ምግቡ ሄዱና ትሪ አነሡ። እንጀራ ዘረጉበት፤ ዶሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አወጡበት። መሐል ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "እንብላ" አሉ።

ማንም አልነካም። ሁሉም ሳህኑን እንደያዘ ዙሪያውን ቆመ። "ጾማቸውን እየፈቱ ነው" ስትል አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። እንደ ቅዱስ ነገር ያዩዋቸዋል። እትዬ ጽጌ ቆረስ አድርገው ጠቀለሉ፤ ጉርሻውን ያዙት፤ ወደ አፋቸው ግን አልሄደም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብቻቸውን ነበሩ። አላስቻለኝም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እጄን ወደ ትሪው ሰደድኩ። በእኔ በኩል ያለው ዶሮው ነው። እግዚአብሔርና እኔ እንነጋገርበታለን ብዬ ቆርሻለሁ። እትዬ ጽጌ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

"ሁዳዴ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ ምን ሆነሃል?" አሉና ትሪውን አዞሩት፤ ጎመኑና ምስሩ በእኔ በኩል፣ ዶሮው በእሳቸው በኩል ሆነ። "አሁን ብላ።"

በላን። እሳቸው ፍስኩን፣ እኔ ጾሙን፣ ከአንድ ትሪ። ሌላ ሰው ግን አልተቀመጠም። ስንጨርስ አንዱ ወጣት ቀስ ብሎ "አሜን" አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የእትዬ ጽጌ ስም ከጾመኝነትም አልፎ ሄደ። የጾም ሳምንቱን ግን ሌላ ሰው መራው፤ "ሸክም አናብዛባቸው" ተብሎ።

በሚቀጥለው ዓመት ዴንቨር የተሻለ ሥራ አገኘሁ። ልሰናበት ስዞር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ በሰዓት ስንት እንደሚከፍሉኝ ነው። እትዬ ጽጌ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ከማን ጋር ልትበላ ነው?"

"ሰው አለ" አልኳቸው።

"ማን?"

ዓይናቸውን ሳይ ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። "ታደሰ የሚባል ልጅ ነው" አልኩ። "አብረን ነው የምንከራየው።"

"ይበላል?"

"በደንብ።"

"ድምፅ ያሰማል?"

"ጎረቤት ይሰማዋል።"

ፊታቸው በራ። "እንግዲያው ሂድ" አሉኝ።

ዴንቨር ውስጥ ታደሰ የሚባል ሰው አላውቅም። የምበላው ኩሽና ውስጥ ቆሜ ከድስቱ ነበር። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንደዋወል እትዬ ጽጌ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ታደሰ ነው፤ ስለዚህ ታደሰ ኑሮ መመሥረት ነበረበት። ሽንኩርት እንደማይወድ ነገርኳቸው። ጉንፋን ያዘው፤ ዝንጅብል አዘዙለት። ከሥራ ሲቀነስ እንቅልፍ አጡለት፤ ሌላ ሥራ ቶሎ አስገኘሁት። "ለታደሰ ሰላም በልልኝ" ሳይሉ ስልክ ዘግተው አያውቁም። አንዳንዴ ስልኩን አስቀምጬ ዘወር ስል ቤቱ ውስጥ ሰው የጠፋ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸውም ሰው አገኙ። "አልማዝ ትባላለች" አሉኝ፤ "አዲስ የመጣች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ቅዳሜ ጃፓኖቹ ቤት አብራኝ ትሄዳለች። መስኮቱ ላይ ያለውን ቀንዳም ትፈራዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትገባው። ሳህኑን አትጨርሰውም፤ የተረፋትን እኔ ነኝ የማግዛት።" እፎይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁም። በእኔ ወንበር የተቀመጠች ሴት ናት። ግን አልማዝ ስላለች በሰላም ተኛሁ።

ለቀብራቸው ኮለምበስ ሄድኩ። ልቅሶው ቤት ልጃቸው ከሩቅ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እግዜር ያጥናህ አልኩት። ከእሱ ቀጥሎ መጽናናት ያለባት አልማዝ ናት ብዬ ሰናይትን ወደ ጎን ወሰድኳት።

"አልማዝ የታለች?"

"የቷ አልማዝ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ከእትዬ ጽጌ ጋር ጃፓኖቹ ቤት የምትበላዋ።"

ሰናይት ሐዘን ያዞረኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። "አልማዝ የምትባል በእኛ ቤተ ክርስቲያን የለችም" አለችኝ። "ያ የጃፓኖቹ ቤትም ከተዘጋ ቆየ እኮ። አንተ ሙቭ ባደረግህ በወሩ ነው የተዘጋው። እትዬ ጽጌ ቅዳሜ ክፍላቸውን ዘግተው ነበር የሚውሉት። ለጸሎት ነው፤ ማንም አንኳኩቶ አይረብሻቸውም።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰናይትም አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ታለቅስ ነበር፤ ትወዳቸዋለች፤ ሁሉም ይወዷቸው ነበር።

"ይልቅ ታደሰስ?" አለችኝ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"የቱ ታደሰ?"

"አብሮህ የሚኖረው ነዋ። እትዬ ጽጌ በየሳምንቱ ጸሎት ያስይዙለት ነበር። ሥራ ሲያጣም፣ ሲታመምም። 'ያ ልጅ ሰው የሚያስበላ ልጅ ነው፤ እሱ ካለ አይከፋኝም' ይሉ ነበር። ሁላችንም ጾመንለታል። አሁን ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

"ለምን አብሮህ አልመጣም?"

"ሥራ ይዞት ነው።"

"ሰላም በልልን።"

"እሺ" አልኳት፤ "እልላችኋለሁ።"